«በርታ» ያላችሁን ሰው ቀብድ ጠይቁት፦ ስታርታፕ ከመጀመር በፊት ደንበኛን የማጥናት አሠራር

የመጀመሪያ አፔን ከመሥራቴ በፊት ሠላሳ ያህል ሰው አማክሬ ነበር። ሠላሳዎቹም «አሪፍ ሐሳብ ነው፣ በርታ» አሉኝ። ስምንት ወር ሠራሁት። አፑ ሱማሌ ተራ ካሉ ሱቆች የመኪና መለዋወጫ ዋጋ ሰብስቦ ለባለ መኪናው ስልኩ ላይ የሚያሳይ ነበር። የወጣ ቀን ስልካቸው ላይ የጫኑት እነዚያው «በርታ» ያሉኝ ሰዎች ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት እነሱም አጠፉት።

ማንም አልዋሸኝም። አንድ ልጅ ዓይኑ እያበራ ሐሳቡን ሲነግራችሁ «ይሄ አይሠራም» ማለት እኛ ዘንድ ይከብዳል። ይሉኝታ አለ። እናቴ እንኳ መኪና ሳይኖራት «እኔም እጠቀምበታለሁ» ብላኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምርቃቱን እንደ ገበያ ጥናት ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ሞከርኩ። ያንን መንገድ ነው በቅደም ተከተል የምጽፍላችሁ። ምሳሌዬ መለዋወጫ ነው፤ እናንተ ምሳ ማድረስም ይሁን የትምህርት ቤት ሰርቪስ በራሳችሁ ሥራ ተኩት።

ነገሩ ከየት መጣ?

ባጭሩ። ስቲቭ ብላንክ የሚባል የሲሊከን ቫሊ ሰው አለ። ስምንት ስታርታፖች ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ፣ ብዙዎቹ ስታርታፖች ዕቃቸውን ሠርተው ይጨርሱና ገዢ አጥተው እንደሚዘጉ አስተዋለ። ስለዚህ ምርቱ እየተሠራ ጎን ለጎን ደንበኛውም ይጠና አለ። አራት ደረጃ አስቀመጠለት፦ ደንበኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ በእርግጥ እንደሚከፍል ማረጋገጥ፣ ገዢውን ማብዛት፣ መጨረሻ ላይ ኩባንያውን ማቋቋም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፍለጋ ናቸው። እኛ ብዙ ጊዜ ከአራተኛው እንጀምራለን፤ ቢሮ፣ ማኅተም፣ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ካርድ።

ኤሪክ ሪስ የብላንክ ተማሪ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር አይኤምቪዩ የሚባል የቻት ፕሮግራም ኩባንያ አቋቋመ። ብላንክ ገንዘብ ሲያስገባላቸው በበርክሌይ የሚያስተምረውን ኮርስ እንዲወስዱ አስገደዳቸው። ሪስ ሰዎች በሌሎች የቻት ፕሮግራሞች ላይ ያሏቸውን ጓደኞች ይዘው እንዲመጡ የሚያደርግ ኮድ ለወራት ጻፈ። ወጣቶችን ጠርተው ሲያስሞክሯቸው ግን፣ ያልለመዱትን ነገር ለጓደኛ መላክ አፈሩ። ያ ሁሉ ኮድ ተጣለ። ሪስ ይህን ልምድ ከቶዮታ የአመራረት ዘዴ ጋር አገናኘው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ብክነትን ያሳድዳል፤ ሪስ ደግሞ ማንም የማይፈልገውን ነገር መሥራት ከሁሉ የባሰ ብክነት ነው አለ። «ሊን ስታርታፕ» የሚባለው ይኸው ነው። የኔም ስምንት ወር እዚያ መዝገብ ላይ አለች።

1. ግምታችሁን ደብተር ላይ ጻፉ

ኮምፒውተር አትክፈቱ። ደብተር ግዙ። «አምናለሁ» ብላችሁ ጀምሩና የምታምኑትን አንድ በአንድ አስቀምጡ። «ባለ መኪናው ዋጋ ማወዳደር እንደሚፈልግ አምናለሁ።» «ሱቆቹ ዋጋቸውን እንደሚነግሩኝ አምናለሁ።» ሲጻፍ ብዙው ነገር ሞኝነቱ ራሱ ይታያል።

ከዚያ ሦስት ሰዎች ለዩ። ዕቃውን የሚጠቀመው ማን ነው? ብሩን የሚያወጣው ማን ነው? የቱ ይገዛ ብሎ የሚወስነውስ? ሦስቱ አንድ ሰው ከሆኑ ዕድለኛ ናችሁ። እኔ ባለ መኪናው ሦስቱንም ነው ብዬ ነበር።

ዘጠኝ ሳጥን ያለው ሊን ካንቫስ የሚባል ወረቀት አለ፤ ከወደዳችሁት ሙሉት። በመጀመሪያው ወር የምነካው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ደንበኛውንና ችግሩን። ሰባቱ በዚያ ጊዜ ልብ ወለድ ናቸው።

መጨረሻ ላይ፣ ከግምቶቹ ውስጥ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ሁሉንም ይዞ የሚወድቀውን አንዱን አክብቡበት። የሚፈተነው መጀመሪያ እሱ ነው።

2. ችግሩ ያለበት ቦታ፣ ችግሩ ባለበት ሰዓት ሂዱ

ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ከጓደኛ ጋር መወያየት ደስ ይላል፤ ከደንበኛ ጥናት ግን አይቆጠርም። ጋራዥ ውስጥ ጠዋት ሁለት ሰዓት መኪናው ይፈታል። አራት ሰዓት ገደማ የተበላሸው ዕቃ ይታወቃል። ስልክ የሚደወለው፣ ክርክሩ የሚነሣው ያኔ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ብትሄዱ ሁሉም መኪና ለማስረከብ ይጣደፋል፤ ማንም አያወራችሁም። ሱማሌ ተራ ደግሞ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ አትሂዱ። ለጁምዓ የሚዘጋው ሱቅ ብዙ ነው።

ቅጽ ይዛችሁ አትግቡ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ይዤ ገባሁ። ባለ ሱቁ «ከየት ነው?» አለኝ። «ለጥናት ነው» አልኩት። ለነጋዴ ጆሮ ጥናትና ግብር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያወቅሁት ፊቱን ሳይ ነው። «ዛሬ ሥራ የለም» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። በሳምንቱ እሱን የሚያውቅ ሹፌር ይዤ ሄድኩ። ሻይ ታዘዘልኝ።

3. ስለ ሐሳባችሁ አታውሩ፤ ያለፈውን ጠይቁ

«እንዲህ ዓይነት አፕ ቢኖር ትጠቀማለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። የሚመልስላችሁ ሰውዬው ሳይሆን ይሉኝታው ነው። ስላለፈው ነገር ሲጠየቅ ግን ሰው የሚያስደስታችሁን መልስ አይፈልግም፤ የሆነውን ይናገራል። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦

መጨረሻ ዕቃ የገዙት መቼ ነው? ምን ነበር?
እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ማን ሄደ? በምን ሄደ?
ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንት ብር ወጣ?
ተሳስቶ የመጣ ዕቃ ነበር? ምን አደረጋችሁት?
ይህን ለማቅለል የሞከራችሁት ነገር አለ?

ከሁሉም የምወደው የመጨረሻውን ነው። ሰውዬው ምንም ሞክሮ የማያውቅ ከሆነ ችግሩ አያመውም ማለት ነው። ስለ ችግሩ አንድ ሰዓት ሊያማርርላችሁ ይችላል። ማማረር ነፃ ነው።

አሁን አንድ ቀን ላሳያችሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የቪትዝ የኋላ ፍሬን ፈትተው ነበር።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ያስገዙት ዕቃ ምን ነበር?»

«ይኸው አሁን» አሉና ወደ ረዳታቸው ጠቆሙ። ልጁ ያለቀውን የፍሬን ሸራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሊወጣ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ሱማሌ ተራ ነዋ።»

«አሮጌውን ለምን ይወስደዋል? አይደውሉላቸውም?»

ሳቁ። «ደውዬ ምን ልበል? ሸራ አለህ ብለው አለኝ ነው የሚለው። ልኩን የሚያውቀው ይሄ ነው» ብለው ጋዜጣውን መታ መታ አደረጉት።

እኔ ስምንት ወር የፍለጋ ሳጥን ስሠራ፣ የፍለጋ ሳጥኑ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በእግሩ ይሄድ ነበር። የዕቃ ስም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ኦሪጅናል፣ ታይዋን፣ ያገለገለ እያለ ዋጋውም ይለያያል። አሮጌው ዕቃ ግን አይሳሳትም።

ዝም አልኩ። ይህ የአሠራሩ አካል ነው፤ አንድ ነገር ከሰማችሁ በኋላ ወዲያው ቀጣዩን ጥያቄ አትደርድሩ። ጋሼ ሻይ ፉት አሉና ራሳቸው ቀጠሉ። «ደግሞ የትም አይሄድም፤ የኔ ሰው ጋ ነው የሚሄደው።»

«የእርስዎ ሰው?»

«እሱ ያስብልኛላ።»

«ያስብልኛል» ኮሚሽን ነው። እዚህች ቃል ላይ አፔ ሞተ። የቱ ይገዛ ብሎ የሚወስነው መካኒኩ ነው፤ የሚያገኘውም ዋጋው ለባለ መኪናው በግልጽ ስለማይታይ ነው። እኔ ደግሞ ዋጋውን ልገልጥበት ነው የመጣሁት። የሰው እንጀራ እየነካሁ «ለምን አይጠቀሙበትም?» እል ነበር። ባለ መኪናውም ቢሆን ነገሩን ሳይጠረጥር አይቀርም፤ ግን ነገም መኪናው ይበላሻል፤ መካኒኩን ማስቀየም አይፈልግም። በጋሼ አልፈርድም። በእጅ ዋጋቸው ላይ ሁሉም ይከራከራቸዋል፤ እዚያ ያጎደሉትን እዚህ ይሞላሉ።

ይህን ነገር በየትኛውም መጠይቅ ላይ «አዎ/አይደለም» ብሎ የሚሞላ ሰው አታገኙም።

4. በዚያው ማታ ጻፉት

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ያስታውስ። ድምፅ ለመቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ፤ ሱማሌ ተራ ውስጥ ግን ባትሞክሩት ይሻላል። ማታ ገጹን ለሦስት ክፈሉት፦ ያለው፣ ያደረገው፣ የከፈለው። «ያለው» የሚለው ዓምድ ሁልጊዜ ይረዝማል፤ እናንተ ግን የቀሩትን ሁለቱን እመኑ። እኔ የምጽፈው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ማኪያቶ ግዛም አይሏችሁም።

አምስት ሰው ካናገራችሁ በኋላ ቆም ብላችሁ ከመጀመሪያው አንብቡ። አዲስ ነገር መስማት ስታቆሙ ይበቃል።

5. ያልጠየቃችሁትን ስሙ

አሥራ አንደኛው ሰው በዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም። አንድ ሱቅ በር ላይ ወረቀት ይዞ የቆመ ሹፌር ነው። ካዛንቺስ ያለ ድርጅት መኪና ይነዳል። ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዕቃ ሊገዛ አልመጣም፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሊያሰባስብ ነው የመጣው።

መሥሪያ ቤት ያለ ፕሮፎርማ ዕቃ እንደማይገዛ ታውቃላችሁ። ሱቁ ደግሞ ይገዛ አይገዛ ለማያውቀው ሰው ወረቀት መጻፍ ይሰለቸዋል፤ «ነገ ና» ይላል። ሹፌሩ እንደምንም ሦስቱን ይዞ ይመለሳል፣ ኮሚቴው እስኪፈርም ዋጋው ይቀየራል። በተለይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሳምንት ይጸናል ብሎ ማሰብ ከባድ ሆኗል። ሹፌሩ እንደገና ይላካል። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ራይድ ይጠራል።

«ሌላ መንገድ አልሞከራችሁም?» አልኩት።

«ደላላ ይዘን ነበር» አለ። «ደረሰኝ የለውም፣ ፋይናንስ መለሰብን።»

ሞክረዋል፤ ብር አውጥተዋል፤ አልተሳካላቸውም። በሦስት ወር ውስጥ የሰማሁት ምርጥ ዓረፍተ ነገር ነው። ደብተሬ ላይ «ባለ መኪናው» የሚለውን ሰርዤ «መኪና ያለው መሥሪያ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ፈረንጆቹ ፒቮት የሚሉት ይህንን ነው፤ አንድ እግር ባለበት ቆሞ በሌላው መዞር። መለዋወጫው አልተቀየረም፣ የማውቃቸው ሱቆች አልተቀየሩም፣ ደንበኛው ተቀየረ።

6. በእጃችሁ ሥሩት

አሁንም ኮድ አይጻፍም። ኒክ ስዊንመርን የሚባለው ሰው በ1999 እ.ኤ.አ. ሰው ጫማ በኢንተርኔት ይገዛ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ጫማ አላስመጣም፣ መጋዘን አልተከራየም። ሰፈሩ ያሉ ሱቆች ገብቶ ጫማቸውን ፎቶ አንሥቶ ድረ ገጽ ላይ ለጠፈ። ሰው ሲያዝ ሄዶ በሙሉ ዋጋ ይገዛና ይልክለታል። በእያንዳንዱ ጫማ ይከስራል፤ ግን ሰው እንደሚገዛ አወቀ። ያ ኩባንያ ዛፖስ ነው፤ አማዞን በ2009 እ.ኤ.አ. 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛው።

የኛ ዛፖስ አንድ ስልክ፣ አንድ ቴሌግራምና ሁለት ጥንድ ጫማ ነበር። «ሊብሬውንና የተበላሸውን ዕቃ ፎቶ ላኩልን፤ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ በአንድ ቀን እናመጣለን።» ፎቶው ካልበቃ ሄደን አሮጌውን ዕቃ እንቀበላለን። ጋዜጣውን ከጋሼ ተምረናል።

በእጅ ስትሠሩት ሌላ ቦታ የማታገኙትን ትማራላችሁ። ለምሳሌ ሱቁ ፕሮፎርማ በፈቃደኝነት የሚጽፈው ከአሥር አንዴ እንኳ እንደሚገዛ ሲያውቅ ነው። ሌላም መጣ፦ «ሦስቱንም ከአንድ ሱቅ በሦስት ማኅተም አምጡልኝ» የሚል ደንበኛ። እምቢ አልን። እንዲህ ዓይነቱን ደንበኛ ከያዛችሁ ሥራችሁ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ስለ ፈቃድ ሁሌ እጠየቃለሁ። ለመጠየቅና ለማድመጥ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለመሸጥ ግን ያስፈልጋል። የኛ ደንበኛ ደግሞ ደረሰኝ ካላየ አይከፍልም፤ ስለዚህ ንግድ ፈቃድና ቲን የመጀመሪያው ሽያጭ ሊደርስ ሲል አወጣን። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፤ ለፈቃድ ብላችሁ የአጎታችሁን ልጅ ባለ አክሲዮን ማድረግ የለባችሁም። የቢሮ ኪራይ ግን ይቆይ። የስድስት ወር ቅድሚያ የምትከፍሉበት ብር ስድስት ወር የመሳሳቻ ጊዜ ነው።

7. ቀብድ ጠይቁ

ቀብድን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ልብስ ስናሰፋ፣ የሠርግ ድንኳን ስንይዝ፣ ቤት ስንከራይ እንሰጣለን። ቀብድ የሰጠ ሰው ይመለሳል። «በርታ» ያለ ሰው ግን ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ማንም ሐሳባችሁን ሲያደንቅ ደስታችሁን ዋጡና እንዲህ በሉ፦ «የምንጀምረው በአምስት ድርጅት ብቻ ነው። 500 ብር በቴሌብር ካስያዙ ሰኞ እንጀምራለን።» ከዚያ ዝም። መጀመሪያ ላይ አፌ ይደርቅ ነበር፤ ይሉኝታው የኔም ነውና። «ግድ የለም፣ በኋላም ይሆናል» ልል እየተናነቀኝ ስንቴ ዋጥኩት። በነፃ አታስጀምሩ። በነፃ የሚወስድ ሰው የሚነግራችሁ ነገር የለም።

መሥሪያ ቤት ቀብድ ለመስጠት ሕጉ አይፈቅድለት ይሆናል። ያኔ ሌላ ዋጋ ያለው ነገር ጠይቁ፦ የተፈረመ የትእዛዝ ደብዳቤ፣ የመኪኖቹን ዝርዝር፣ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ግማሽ ሰዓት። «ከአለቃዬ ጋር ላገናኝህ» ብሎ ቀኑን ከነገራችሁ ይቆጠራል። «እንደዋወላለን» ካለ አይቆጠርም። «እንደዋወላለን» የአዲስ አበባ ጨዋ እምቢታ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ስንት ሰው እሺ ካለ እንደምትቀጥሉ ደብተሩ ላይ ጻፉ። በኋላ የሚጻፍ ከሆነ ያገኛችሁት ቁጥር ሁሉ ጥሩ ይመስላችኋል። እኛ ከአሥራ ሁለት ድርጅት ሁለት ካገኘን እንቀጥላለን ብለን ነበር። ዘጠኙ እንደዋወላለን አሉን። ሦስቱ ሰጡን።

8. የሚመለሰውን ቁጠሩ

የቴሌግራም አባል ብዛት ለዓይን ደስ ይላል፤ ኪራይ ግን አይከፍልም። እኔ በየሳምንቱ የምቆጥረው አንድ ነገር ነው፦ አንዴ ያዘዘ ድርጅት ሳንጎተጉተው እንደገና አዘዘ ወይ? ሾን ኤሊስ የሚባል ሰው ያስለመደው መለኪያም አለ፤ «ይህ አገልግሎት ነገ ቢቋረጥ ምን ይሰማችኋል?» ተብለው ከተጠየቁት 40 በመቶው «በጣም እናዝናለን» ካሉ ጥሩ ምልክት ነው። ሦስት ደንበኛ ይዛችሁ ግን ፐርሰንት አትቁጠሩ። ደውሉላቸው።

ደግሞ ግምታችሁን በየጊዜው መልሳችሁ እዩ። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ከዝርዝራችን ላይ የነበሩ ድርጅቶች ወደየሰፈሩ ተበተኑ። «በእግር አሥር ደቂቃ» ብለን ያሰላነው ሥራ ግማሽ ቀን ሆነ፤ ዋጋውን እንደገና መሥራት ነበረብን።

9. የሚቀጠረው ማን ነው?

ሥራው በሁለት ሰው እጅ አልሆን ሲል፣ ያኔ ብቻ፣ ሰው ይጨመራል። ሁሉም ፕሮግራመር ቅጠሩ ብሎን ነበር። ደብተሩን አገላበጥነው። ሥራው የሚቆመው ትእዛዝ መቀበል ላይ አይደለም፤ ለዚያ ኤክሴል ይበቃል። የሚቆመው ሱቅ ውስጥ ነው፤ የቱ ሱቅ የምን ዕቃ እንዳለው፣ የቱ ቶሎ እንደሚጽፍ፣ ማን ታይዋኑን ኦሪጅናል ብሎ እንደሚሸጥ ማወቅ ላይ።

ስለዚህ ጋሼን አስፈቅደን ያንን ሸራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሮጥ የነበረውን ልጅ ቀጠርን። ጋሼ ትንሽ ተቆጡ፣ ከዚያ «ደመወዙን ስንት አላችሁት?» ብለው ከእኛ በላይ ተከራከሩለት። እስካሁን አፕ የለንም።